ወንዝ ሊያይ የመጣ እንግዳ

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የዓባይን ምንጭ ፍለጋ በ1770 ጎንደር በገባ ጊዜ፣ በቁስቋም ግቢያቸው የተቀበሉት እቴጌ ምንትዋብ በአንድ ነገር እጅግ መገረማቸውን በጉዞ መጽሐፉ ይተርካል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።) እቴጌይቱ የነገሥታት እናት ነበሩ፤ ለብዙ ዓመታት በዙፋን ዙሪያ ኖረው የቀራቸው ምኞት አንድ ብቻ ነበር፤ ኢየሩሳሌም ደርሶ ለምኖ እየበሉም ቢሆን በጌታ መቃብር ደጅ መቀበር። ይህ እንግዳ ግን ኢየሩሳሌምን ከኋላው ትቶ፣ በረሃ አቋርጦ፣ ሽፍታና ንዳድ ተቋቁሞ የመጣው ወንዝና ረግረግ ሊያይ ነው፤ ያውም ይዞት ሊሄድ የማይችለውን።

ይህን ታሪክ ባሰብሁ ቁጥር ጥያቄው ለብሩስ ብቻ የቀረበ አይመስለኝም። ሰው ይዞት የማይሄደውን ለማየት ለምን ይደክማል? ከአዲስ አበባም ከባሕር ማዶም የሚመጡ ወዳጆቼ «ባሕር ዳር ምን ምን ይታያል?» ሲሉኝ የምዘረዝረው አላጣም፤ ገዳማቱ፣ የዘጌ ደን፣ የቤዛዊት ኮረብታ፣ ጢስ ዓባይ። ዝርዝሩ ግን ቅርፊት ነው። የጣና ድንቅ ነገሮች ይታዩ ተብለው አልተሠሩም፤ አብዛኞቹ እስከ ዘመናችን የደረሱት ተሰውረው ስለ ኖሩ ነው። የምናየው ሁሉ አንድ ሰው ከዐይን የጠበቀልን ነገር ነው።

ከከተማይቱ ልጀምር። ባሕር ዳር አሁን በምናውቀው መልኳ የቅርብ ጊዜ ልጅ ናት። በ1961 የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ በ1963 ሶቪየት ኅብረት ያሠራችው ፖሊ ቴክኒክ ተተከሉባት፤ ቀጥ ያሉት ሰፋፊ ጎዳናዎቿም የዚያ ዘመን ዕቅድ ፍሬዎች ናቸው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴም ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ ሲጓዝ ቁልቁል በሚታይበት በቤዛዊት ቤተ መንግሥት አሠሩ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የቅዱስ ጊዮርጊስ ደብር ነበረ። በቅጽሩ ውስጥ የቆመውን አሮጌ የድንጋይ ግንብ የፔድሮ ፓኤዝ ሥራ ነው ይሉታል። ይህ ስፔናዊ የኢየሱሳውያን ካህን በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የኖረ፣ በ1618 የዓባይን ምንጭ በሰከላ ያየና ያየውንም ጽፎ ያኖረ፣ በ1622 በሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ በጎርጎራ ያረፈ ሰው ነው። ብሩስ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ መጥቶ ቀዳሚነቱን ለራሱ አደረገ። ሁለቱ ስለ ቀዳሚነት ሲነጻጸሩ፣ ከምንጩ እየቀዳ ሲጠጣ የኖረውን የሰከላን ገበሬ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው።

ከባሕር ዳር ወደብ በጀልባ ሲወጡ ከተማው ወዲያው ይርቃል። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ፣ ጥልቀቱ ግን ከ14 ሜትር ብዙም የማያልፍ፣ ከ30 በላይ ደሴቶች ያሉበት ሐይቅ ነው። ይህ ጥልቀት ያነሰው ውኃ ለአገሪቱ እንደ ቅጥር ሆኖ አገልግሏል። በ1529 ሽምብራ ኩሬ ላይ ድል ያደረገው ኢማም አሕመድ በ1543 ከሐይቁ በማይርቀው በወይና ደጋ እስኪወድቅ ድረስ፣ በየብሱ ያሉ አድባራት ሲቃጠሉ መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ወደ ደሴቶቹ ሸሹ። ያሻገራቸውስ ማን ነው? ከደንገል የተሠራ ታንኳ ነው። ጥንታዊ ቋንቋቸውን አጥተው ጥበባቸውን ያላጡት ወይጦዎች ዛሬም ይሠሩታል። ደንገል ውኃ ይጠጣል፤ ቶሎ ይበሰብሳል፤ ሌላ ይታሰራል። ዕድሜው የወራት ነው፤ የተሸከመው ግን መቶ ዓመታትን አልፏል።

ዳጋ እስጢፋኖስ ከእነዚህ መደበቂያዎች ዋነኛው ነው። እንደ ክብራን ገብርኤል ሁሉ ሴቶች አይገቡበትም፤ በክብራን አጠገብ ያለችው የእንጦስ ደሴት ግን የመነኮሳይያት መኖሪያ ናት። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በዐሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት፣ ሠዓሊው ፍሬ ጽዮን በእንጨት ላይ የሣላት ሥዕለ ማርያም በዳጋ ተጠብቃ ስሙን ከንጉሡ ስም ጋር ለእኛ አድርሳለች። በዕቃ ቤቱም የነገሥታት አጽም አለ፤ ገዳሙ ይኩኖ አምላክን፣ ዳዊትን፣ ዘርዐ ያዕቆብን፣ ዘድንግልን፣ ፋሲለደስን ይቆጥራል። ጎንደርን የቆረቆረ፣ ዓለም የሚያደንቀውን ግንብ ያነጸ ንጉሥ አጽሙን ለግንቡ አላደራም፤ ለውኃና ለመነኮሳት አደራ። ጀርመናዊው ሊቅ ኤርንስት ሐመርሽሚት በ1968 የደሴቶቹን ብራናዎች በማይክሮፊልም ባነሣ ጊዜ ያገኘው ሀብት፣ ስማቸው ያልተጻፈ የብዙ ትውልድ ዕቃ ቤት ጠባቂዎች ድካም ነበር።

ዘጌ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጥበቃ ያሳያል። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሲገቡ የመቅደሱ ግድግዳ ከጥግ እስከ ጥግ በሥዕል ተሞልቶ ዐይንን ያሰክራል። እኔን ግን ከሥዕሉ ይልቅ ወደ እርሱ የሚያደርሰው የጥላ መንገድ ያስደንቀኛል። በትውፊቱ አቡነ በትረ ማርያም ለዘጌ ሰዎች ቡናን፣ ጌሾንና ሎሚን ሰጥተው በበሬ ከማረስና ከብት ከማርባት ከልክለዋቸዋል። ዙሪያው ሁሉ ሲመነጠር ያ ደን ቆሞ የቀረው በዚህ ቃል ነው። አንድ «አትረስ» የሚል ትእዛዝ የስንት የደን ሕግን ሥራ ሠራ!

ወደ እቴጌይቱ ልመለስ። ኢየሩሳሌምን የናፈቁት ምንትዋብ በደቅ ደሴት ላይ ናርጋ ሥላሴን አሠርተዋል። በዚያ በግድግዳው ላይ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል፤ የመንግሥት ልብሳቸውን እንደ ለበሱ፣ ፊታቸውን ወደ ሕፃኑ ቀና አድርገው። በበሩ ላይ የተቀረጸውን ፒፓ የያዘ ሰው ደግሞ ብሩስ ነው የሚሉ አስጎብኚዎች አሉ። እውነት ከሆነ እንዴት ያለ ፍርድ ነው! የሚሳለሙት ከውስጥ፣ የሚጎበኘው ከደጅ።

ጢስ ዓባይን ግን የደበቀው አልነበረም። ገደሉ ከ40 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ በሙላቱ ጊዜ ውኃው እስከ 400 ሜትር ተዘርግቶ ይወርድ ነበር። ለብዙ ዓመታት በአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ታትሞ፣ ባሕር ዳርን ረግጦ የማያውቀው ሁሉ በኪሱ ይዞት ዞሯል። ከአጠገቡ በ1964 የተከፈተው አነስተኛ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ብዙም አልጎዳው። በ1996 ከሐይቁ መውጫ ላይ የጨረጨራ ግድብ ተሠራ፤ በ2001 ሁለተኛውና ትልቁ ማመንጫ ውኃውን በቦዩ ሳበ፤ በ2010 ደግሞ ጣና በለስ የሐይቁን ውኃ በዋሻ ወደ ምዕራብ ወሰደ። በበጋ በሄድሁበት ጊዜ ከሰፊው ጥቁር ገደል ጥግ አንዲት ነጭ ክር ተንጠልጥላ አየሁ። ክረምት ሲገባ ጢሱ ተመልሶ ይነሣል፤ ያን ጊዜ ማየት ነው። መብራት አያስፈልግም አልልም፤ በኩራዝ ያጠና ሰው እንዲህ አይልም። ነገር ግን ለዘጌ ደን አንድ ቃል የሚበቃውን ያህል፣ ለፏፏቴው የሚቆምለት ቃል አልነበረም። ከፏፏቴው ዝቅ ብሎ ያለው በ1626 ገደማ በሱስንዮስ ዘመን የተሠራው የአለታ ድልድይ እንኳ ዛሬም ሰው ያሻግራል።

ሐይቁም ራሱ ጠባቂ የሚሻበት ዘመን ላይ ደርሷል። ከ2011 ጀምሮ የታየው እምቦጭ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ተንሰራፍቶ ገበሬው ደረቱ ድረስ ውኃ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው አይተናል። በ2015 ዩኔስኮ ጣናን በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዘገበው። በ2023 በክልሉ የተነሣው ጦርነት ደግሞ ጎብኚውን አራቀ፤ የጀልባ ነጂውንም፣ የአስጎብኚውንም፣ የዘጌን ቡና ሻጭ እናትም ገበታ አሳሳ። ደሴቶቹ ከዚህ የከፋ አይተዋል፤ ሰው ግን እንደ ብራና በሣጥን ተከድኖ ክፉ ቀንን አያሳልፍም።

እንግዲህ ለምንትዋብ ጥያቄ ምን እንመልስ? እንግዳው ከወንዙ ይዞት የሚሄደው ነገር የለም፤ እቴጌይቱ ትክክል ናቸው። ከጣና የሚያገኘው ግን አንድ ትምህርት አለ፤ አንድ ነገር ለዐይን የሚበቃው አስቀድሞ እጁን የሰበሰበ፣ በሬውን ያላስገባ፣ ሣጥኑን ያልከፈተ ሰው ሲኖር ነው። ስለዚህ ወዳጆቼ ምን ይታያል ሲሉኝ ከዝርዝሩ በፊት የምላቸው ይህን ነው፤ በዳጋ ዕቃ ቤቱን የሚከፍቱላችሁን አባት እጅ ሳትስሙ ወደ ነገሥታቱ አጽም አትቸኩሉ።