ግድግዳው ምን ተሸክሟል?

ወዳጆቼ፣ ከወረታ እስከ አዲስ ዘመን መንገድ ዳር ቤት ያለው ብዙ ሰው አንድ ሐሳብ አለው፦ የመሃሉን ግድግዳ አንስቶ ሱቁን ማስፋት። «ይቺ እኮ ክፍል መለያ ናት፣ ምንም አልያዘችም» ይባልና መዶሻ ይነሣል። እኔ ደግሞ እላለሁ፦ መጀመሪያ የቤቱን ዘመን ጠይቁ።

ከጎጆ እንጀምር። ብዙ ጊዜ የጎጆን ጣራ መሃል ላይ ምሰሶ፣ ዙሪያውን ደግሞ የተተከሉት ቋሚዎች ይይዙታል። ጭቃው ነፋስና ብርድ ይከለክላል እንጂ ጣራ አይሸከምም። ጭቃው ቢረግፍ ቤቱ ይቆማል፤ ቋሚው ከተነቀለ ግን ጣራው ይከተለዋል።

ክብ ቤተ ክርስቲያኖቻችን ሌላ ትምህርት አላቸው። ከውጭ ወደ ውስጥ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ ነው። መሃል ያለው መቅደስ አራት ማዕዘን ሆኖ ይነሣና ከላይ ከበሮ በመሰለ ክብ አንገት የጣራውን እምብርት ይሸከማል። ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የገባ ሰው የመቅደሱን ሥዕል ሲያደንቅ ይውላል፤ ያ ግድግዳ ጣራ መያዙን ግን ስንቶቻችን ልብ እንላለን? የውስጥ ግድግዳ ስለሆነ ብቻ ሥራ ፈት አይደለም።

ከጣራ ገዳም ወደ ጎንደር ሲኬድ ደግሞ እንፍራዝ አጠገብ ጉዛራ ቤተ መንግሥት አለ። በአጼ ሠርጸ ድንግል ዘመን (እ.ኤ.አ. 1563–1597) እንደተሠራ ይነገራል። እዚያ ክብደቱን ወደ መሬት የሚያወርደው በድንጋይና በኖራ የተገነባው ወፍራም ግድግዳ ራሱ ነው።

ኮንክሪት ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። በ1990ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ላይ መሠራት የጀመሩትን ኮንዶሚኒየሞች እዩ፤ ሸክሙ የኮለንና የቢም ነው፣ በመካከል ያለው ብሎኬት ሙሌት ነው። «ብሎኬት ምንም አይዝም» የሚለው ወሬ የመጣው ከዚህ ይመስለኛል። ነገር ግን ኮለን የሌለው የብሎኬት ቤትም ሞልቷል፤ እዚያ ብሎኬቱ ራሱ ተሸካሚ ነው። በሲሚንቶ ተለስኖ ግንብ የመሰለ የጭቃ ቤትም አለ፤ ሆዱ ውስጥ እንጨት ነው።

ስለዚህ ግድግዳውን ማንኳኳት ብቻ አይበቃም። ኮርኒሱን ከፍታችሁ ወደ ላይ እዩ። የጣራው እንጨት የሚያርፈው የት ላይ ነው? የጣራውን አናት የያዘው ቋሚ ከየትኛው ግድግዳ ላይ ተነሣ? ፎቅ ከሆነ፣ ልክ ከላዩ ሌላ ግድግዳ ቆሟል? መልሱ «እዚሁ ላይ» ከሆነ አትንኩት። የግድ መነሣት ካለበት ሸክሙ አስቀድሞ በድጋፍ ተይዞ፣ መሐንዲስ ባሰላው ቢም ይተካ። የሕንፃ ሕጉም ሕንፃ ለመለወጥ ፈቃድ ይጠይቃል። ብዙዎች እንደ ቢሮክራሲ ያዩታል፤ ለእኔ ግን ከግድግዳው ማዶ የሚተኛው ልጅ ጠበቃ ነው።

ክረምቱ ሲወጣ ቤቱን ለማደስ ላሰበ ወዳጃችሁ ይህን አድርሱለት።