የእንቁራሪት እንቁላል ጭማቂና የሕዋስ መልእክት፦ የሦስት ስያሜዎች ታሪክ

የሳይንስ ስያሜ ወደ አማርኛ ሲገባ ከቃሉ ጋር የአንድ አሠራር ታሪክ አብሮ ይገባል። ታሪኩ ካልታወቀ ቃሉ ወደ ቀድሞ ፍቺው ይሳባል። በእንቁራሪት እንቁላል አማካይነት መድኃኒት የመፈለግ ሙያ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ጭማቂ፣ ሕዋስና መልእክት የተባሉት ሦስቱ ስያሜዎች በዚህ ታሪክ ይፈተናሉ።

እንስሳይቱ ለቀጣናው ቋንቋዎች እንግዳ አይደለችም። ግዕዝ ቈርነነዓት፣ አማርኛ እንቁራሪት፣ በሀርጌሳ የሚነገረው ሶማልኛ ራህ፣ አፋን ኦሮሞ ራቻ ይሏታል። ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት ወገን ግን ዜኖፐስ ይባላል፤ በግሪክኛ «እንግዳ እግር» ማለት ነው። ከዚህ ወገን አንዱ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1898 ከኤርትራ በተገኙ ናሙናዎች ተገልጿል፤ ሌላው፣ የኢትዮጵያ ደጋ ተወላጅ የሆነው፣ በ1995 ለተመራማሪው ማልኮልም ላርገን መታሰቢያ ተሰይሟል። ቤተ ሙከራውን የሞላችው ግን የደቡብ አፍሪካዋ ዝርያ ናት። ላንስሎት ሆግቤን በኬፕ ታውን በጀመረው ምርምር መነሻነት በ1930ዎቹ የእርግዝና መመርመሪያ ሆነች፤ የነፍሰ ጡር ሴት ሽንት ሲወጋባት እንቁላል ትጥላለች። በዚህም ምክንያት ወደ ብዙ አገሮች ተላከች።

ሁለተኛው ምዕራፍ በ1983 ተከፈተ። ሎካና ማሱይ የተባሉ ተመራማሪዎች ከእንቁራሪት እንቁላል የወጣው ፈሳሽ፣ እንቁላሉ ከፈረሰ በኋላም፣ የዘር ፍሬን አስኳል ለመከፋፈል እንደሚያዘጋጅ አሳዩ። አሠራሩ በአጭሩ የሚከተለው ነው። እንቁላሎቹ ከሚሸፍናቸው ዝልግልግ ነገር ይላቀቃሉ፤ በኃይል በሚሽከረከር መሣሪያም ይጨፈለቃሉ። ስቡ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ከባዱ ተረፈ ነገር ከታች ይዘቅጣል፤ የሚፈለገው መካከለኛው ፈሳሽ ይቀዳል። ይህን ፈሳሽ «ንጥር» ማለት ያሳስታል። ንጥር ቅቤ እንደምንለው፣ ቃሉ ከሌላው ተለይቶ የጠራውን ያመለክታል። የእንቁላሉ ፈሳሽ ጥቅሙ ግን ፕሮቲኖቹን ሁሉ ሳይለያዩና ሳይቀጥኑ መያዙ ነው። ስለዚህ «ጭማቂ» ይሻላል።

ሦስተኛው ምዕራፍ ዊንት በተባለው የመልእክት ሰንሰለት ላይ ያተኩራል። ስያሜው ራሱ ቅይጥ ነው፤ ዊንግለስ ከተባለው የዝንብ ዘረመልና ኢንት ከተባለው የአይጥ ዘረመል ተዋህዶ በ1991 ጸና። መልእክት በሌለበት ጊዜ ቤታ ካቴኒን የተባለው ፕሮቲን፣ አክሲን በሚገኝበት የፕሮቲኖች ስብስብ አማካይነት፣ ዘወትር ይፈርሳል። መልእክት ሲደርስ ማፍረሱ ይገታል። በብዙ የአንጀት ካንሰሮች ይህ አፍራሽ ስብስብ ስለሚበላሽ ቤታ ካቴኒን ይከማቻል። በ2000 ይህ ሂደት ሕያው ሕዋስ ሳያስፈልግ በእንቁላል ጭማቂ ውስጥ እንዲካሄድ ተደረገ። በ2010 ደግሞ ከርቲስ ቶርን፣ ኤታን ሊና ባልደረቦቻቸው ቤታ ካቴኒንንና አክሲንን ብርሃን ከሚሰጡ ኢንዛይሞች ጋር አጣምረው፣ በጭማቂው ውስጥ ብዙ የታወቁ መድኃኒቶችን ፈተሹ። አንደኛውን ብርሃን አደብዝዞ ሌላውን የሚያቆይ መድኃኒት ሲፈልጉ ያገኙት ፒርቪኒየም ነበር፤ ለረጅም ጊዜ የአንጀት ትል ማስወገጃ ሆኖ ያገለገለ መድኃኒት። ግኝቱ የምርምር መንገድ ከፈተ እንጂ ለካንሰር ፈውስ አልሆነም።

የስያሜው ጥያቄ ክብደት እዚህ ላይ ይታያል። በሰንሰለቱ የሚተላለፈውን «ምልክት» ብሎ መተርጎም ይቻላል፤ ነገር ግን በሕክምና አማርኛ ምልክት ማለት ትኩሳት፣ ሳልና የመሳሰለው የበሽታ መገለጫ ነው። «በሕዋስ ምልክት ላይ የሚሠራ መድኃኒት» የሚለውን ያነበበ ታማሚ ሕመም ማስታገሻ ሊመስለው ይችላል። ፒርቪኒየም ግን በጭማቂው ውስጥ ያደረገው ሌላ ነው፤ ፕሮቲኑ እንዲፈርስ እንጂ ሕመም እንዲታገሥ አላደረገም። «መልእክት» ይህን ብዥታ ያስወግዳል።

«ሕዋስ» የሚለው ስያሜም በዚህ ታሪክ ይጸናል። «አምስቱ ሕዋሳት» በሚለው አነጋገር ቃሉ የስሜት መቀበያን ያመለክታል፤ ኋላ ግን «ሴል» ለሚባለው ተሰጠ። ያለ ዝምድና የተቀዳ የሚመስል ስያሜ ነው። ሕዋስ ከውጭ የደረሰውን የሚቀበልና ለደረሰው የሚመልስ መሆኑን የእንቁራሪቷ እንቁላል ካሳየ በኋላ ግን የቀድሞው ፍቺ ለአዲሱ ማስረጃ ሆኗል። የስያሜ አውጪዎች ተግባርም ይኸው ነው፤ ከመዝገበ ቃላቱ በፊት ቤተ ሙከራው የሠራውን መጠየቅ።