ከስፕሪንግፊልድ እስከ ፕሮቪንስታውን፦ ብስክሌት ለካንሰር ምርምር ያስገኘው ገንዘብ

ረጅም መንገድ በብስክሌት መጓዝ በመጀመሪያ የንግድ ማስታወቂያ ሥራ ነበር። በ1891 «ለ ፕቲ ዡርናል» የተባለው ጋዜጣ ከፓሪስ እስከ ብሬስት ደርሶ መልስ ያለውን 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ለውድድር ሲከፍት ዋና ዓላማው የጋዜጣውን ሽያጭ ማሳደግ ነበር። አሸናፊው ሻርል ቴሮን ያለ እንቅልፍ ከ71 ሰዓት በላይ ሲነዳ የጎማ ፋብሪካዎች ደግሞ የማን ጎማ ብልጫ እንዳለው ለገበያተኛው ያሳዩ ነበር። በ1903 የተጀመረው የፈረንሳይ ዙርያ ውድድርም «ሎቶ» ለተባለ ሌላ ጋዜጣ አንባቢ ለማብዛት የታሰበ ነው። እንግዲህ የብስክሌተኛ ላብ ገንዘብ እንደሚያመጣ አስቀድመው ያወቁት ነጋዴዎች ናቸው። ያው ላብ ለሕሙማን ገንዘብ ማምጣቱ በሰፊው የታወቀው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የነገሩ ሥር የሚገኘው በብስክሌት መንገድ ላይ ሳይሆን በቦስተን ከተማ በሚገኘው የሕፃናት ሆስፒታል ውስጥ ነው። ዶክተር ሲድኒ ፋርበር የተባለው የፓቶሎጂ ሐኪም በሙያው ከሙታን አስከሬን ጋር የሚውል ሰው ነበር። በሉኪሚያ የተያዙ ሕፃናት በጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት ውስጥ ወደ እርሱ ምርመራ ጠረጴዛ ይደርሱ ስለነበር በሕይወት ሳሉ አንድ ነገር ለማድረግ ተነሣ። ፎሊክ አሲድ የደም ሴሎችን መባዛት እንደሚያግዝ የታወቀ ስለነበር ይህን ቪታሚን የሚቃወም መድኃኒት የበሽታውን ሴሎች ያስርባቸዋል የሚል ሐሳብ አደረበት። በየላፕራጋዳ ሱባራው ከሚመራው ቤተ ሙከራ የተገኘውን አሚኖፕተሪን ለ16 ሕፃናት ሰጥቶ በ10ሩ ላይ በሽታው ለጊዜው መሸሹን በሰኔ 1948 በታተመው ጽሑፉ አስታወቀ። ሽሽቱ ለጊዜው ብቻ ነበር፤ በሽታው ተመልሶ መጥቷል። ነገር ግን ከዚያ በፊት በመድኃኒት እንዲህ ያለ ውጤት ያየ ሐኪም ስላልነበረ ብዙዎቹ የሙያ ባልደረቦቹ ለማመን ተቸገሩ። ዛሬ በየሆስፒታሉ የሚታወቀው ሜቶትሬክሴት ከዚያው የመድኃኒት ዘር የወጣ ነው።

ምርምሩ ገንዘብ ይፈልግ ነበር፤ ፋርበርም ገንዘብ ከሕዝብ እንዴት እንደሚገኝ የሚያውቅ ሰው መሆኑ ታየ። በግንቦት 1948 አንድ የሬዲዮ ፕሮግራም በአንጀቱ ላይ የሊምፍ ካንሰር የያዘውን የ12 ዓመት ልጅ ከታመመበት አልጋ ለአገሩ ሁሉ አሰማ። ስሙ እንዳይታወቅ «ጂሚ» ተባለ። የቦስተን ብሬቭስ ቡድን የቤዝቦል ተጫዋቾች ድንገት ወደ ክፍሉ ገብተው አብረውት ዘመሩ፤ ጨዋታቸውን የሚያይበት ቴሌቪዥን እንዲገዛለትም አድማጩ ገንዘብ እንዲልክ ተጠየቀ። የተለመነው 20,000 ዶላር ሲሆን የተሰበሰበው ግን ከ200,000 ዶላር አለፈ። «ጂሚ ፈንድ» የተባለው የገንዘብ ማሰባሰቢያ የቆመው በዚህ ነው። ሰዎች ልጁ ሞቷል ብለው ያምኑ ነበር፤ አይናር ጉስታፍሰን የተባለው ይህ ሰው ግን ድኖ፣ በሜይን ክፍለ ሀገር የጭነት መኪና ሾፌር ሆኖ ሲኖር ከቆየ በኋላ በ1998 ማንነቱ ለሕዝብ ተገለጠ። ፋርበር የመሠረተው ተቋም ከ1983 ጀምሮ ዳና-ፋርበር የካንሰር ተቋም ይባላል።

ቢሊ ስታር የተባለው የማሳቹሴትስ ተወላጅ እናቱን በ1974 በሜላኖማ አጣ። ስፖርት ወዳድ ወጣት ነበርና ሐዘኑን በእግርና በብስክሌት ረጅም መንገድ በመሄድ ሲያስታምም ቆይቶ በ1980 ያንን ልማዱን ለእናቱ በሽታ መቃወሚያ አደረገው። ዘመድና ጓደኛ አሰባስቦ 36 ሰው ሆነው ከስፕሪንግፊልድ ተነሥተው በክፍለ ሀገሩ ምሥራቃዊ ጫፍ እስካለችው የፕሮቪንስታውን ወደብ በሁለት ቀን 220 ማይል፣ ማለትም 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነዱ። ለጂሚ ፈንድ ያስገኙት 10,200 ዶላር ነው። በዚያው ዓመት በካናዳ ቴሪ ፎክስ የተባለው አንድ እግሩን በአጥንት ካንሰር ያጣ ወጣት ለምርምር ገንዘብ ለማሰባሰብ 5,373 ኪሎ ሜትር ሮጦ በሽታው ወደ ሳንባው በመዛመቱ መንገዱን አቋርጧል። ሁለቱ ባይተዋወቁም አንድ ዘመን የወለዳቸው ናቸው።

ፓን-ማሳቹሴትስ ቻሌንጅ የተባለው የስታር ጉዞ ከዚያ ወዲህ በያመቱ በነሐሴ መጀመሪያ ይደረጋል። መንገዶቹ ብዙ ሲሆኑ ዋነኛው ከስተርብሪጅ ተነሥቶ እስከ ፕሮቪንስታውን 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የመጀመሪያው ቀን ይበልጥ ይከብዳል፤ 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ተነድቶ ማታ ቦርን በሚገኘው የባሕር ትምህርት ቤት ይታደራል፤ ከፊሉ በተማሪ መኝታ፣ ከፊሉ በድንኳን፣ ከፊሉም በመርከብ ውስጥ ይተኛል። በማግሥቱ ገና ሳይነጋ ተነሥተው የኬፕ ኮድን ቦይ ድልድይ ይሻገራሉ። ውድድር አይደለም፤ አንደኛ የሚባል ሰው የለም። ነገር ግን ሰውነት ውድድር አለመሆኑን አያውቅም። ክብደት በመሪው ላይ ሲያርፍ ወደ ትንሿ ጣት የሚወርደው ነርቭ በመዳፍ ሥር ይጫናል፤ ጣቶችም ይደነዝዛሉ። ሙቀቱን ፈርቶ ያለ ጨው ብዙ ውኃ የሚጠጣ ሰው የደሙ ጨው ቀጥኖ ካልጠጣው ይልቅ ሊታመም ይችላል። በየመንገዱ ውኃና ምግብ ይዘው የሚጠብቁት በጎ ፈቃደኞች በሺህ የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ በሕክምና ላይ ያሉ ሕፃናትም ከብስክሌተኛ ቡድኖች ጋር ይጎዳኛሉ።

ለመሆኑ ለካንሰር ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ገንዘቡን ሰጥቶ ቤቱ መቀመጥ ሲችል ስለ ምን ሌላ ሰው 300 ኪሎ ሜትር እንዲለፋለት ይፈልጋል? ወደ ቁልቢ ገብርኤል ድንጋይ ተሸክሞ በእግሩ የሚሄደውን ስለተኛ የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ አይገርመውም። ድንጋዩ ለማንም አይጠቅምም፤ የተሸካሚውን ቃል ግን ክብደት ይሰጠዋል። ብስክሌተኛውም ለዘመድና ለሥራ ባልደረባ ደብዳቤ ሲጽፍ ከገንዘቡ ጥያቄ ጋር ላቡን በዋስትና ያቀርባል። ዋስትናው በቃል ብቻ የቀረም አይደለም። ተጓዡ ሲመዘገብ በሺህ ዶላር የሚቆጠር ገንዘብ ለማምጣት ይፈርማል፤ ከለጋሾች ያላሟላውንም ከራሱ ሒሳብ ይከፍላል። እንዲህ ያለውን ውል የሚፈርመው ዘመድና ወዳጁ የሚሰጠው ገንዘብ ያለው ሰው መሆኑ ግልጽ ነው። ስለዚህ ጉዞው ለሁሉም የተከፈተ ቢሆንም ድኻው በቀላሉ የሚገባበት አይደለም፤ ይህ ነቀፋ ሚዛን ያለው ይመስላል።

ከዚህ የከበደው ጥያቄ ግን የወጪው ነው። በካሊፎርኒያ በ1994 ከሳን ፍራንሲስኮ እስከ ሎስ አንጀለስ የሰባት ቀን የኤድስ ጉዞ ተጀመረ። መድኃኒቱ ገና ያልተሟላበት፣ ወጣት በወጣቱ ላይ የሚቀበርበት ዘመን ነበር። ጉዞውን ያሰናዳው የዳን ፓሎታ ኩባንያ አሠራሩን ወደ ሌሎች ከተሞች አስፋፋው፤ ለማስታወቂያ፣ ለድንኳንና ለምግብ የሚወጣው ግን እየበዛ ሄዶ በአንዳንዶቹ ጉዞዎች ለሕሙማኑ ድርጅቶች የደረሰው ከተሰበሰበው ከግማሽ በታች የሆነበት ጊዜ ነበር። ቁጣ ተነሣ፤ ኩባንያው በ2002 ተዘጋ። ፓሎታ በ2008 ባሳተመው መጽሐፍ በጎ አድራጎት መመዘን ያለበት ባወጣው ወጪ ሳይሆን ባስገኘው ውጤት ነው ሲል ተከራከረ። ክርክሩ በሒሳብ ረገድ ፍሬ አለው፤ አስር ብር አውጥቶ መቶ የሚያመጣ ሰው ምንም ሳያወጣ አምስት ከሚያመጣው ይሻላል። ሆኖም ያልተመለከተው ነገር አለ። ለጋሹ ገንዘቡን የሰጠው የወዳጁን ላብ አምኖ ስለሆነ፣ ገንዘቡ ለድንኳን ኪራይ መዋሉን ሲሰማ የተከዳው ወዳጁ ይመስለዋል፤ በሚቀጥለው ዓመትም የሚያፍረው ለማኙ ብስክሌተኛ ነው።

የማሳቹሴትሱ ጉዞ ከዚህ ነቀፋ የዳነው ወጪ ስለሌለው አይደለም። ወጪውን ተጓዦች ለመመዝገቢያ በሚከፍሉትና ኩባንያዎች በሚሰጡት ስለሚሸፍን፣ ከ2007 ጀምሮ ተጓዡ ከለጋሾች የሰበሰበው መቶ በመቶ ወደ ዳና-ፋርበር ይገባል። ከጂሚ ፈንድ ዓመታዊ ገቢ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከዚሁ ጉዞ የሚገኝ ነው።

በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት መንገዱ ባዶ ሆነ። ተመዝጋቢዎቹ እያንዳንዳቸው በየሰፈራቸው፣ አንዳንዱም በቤቱ ውስጥ በቆመ ብስክሌት ላይ ነዱ፤ ያም ሆኖ 50 ሚሊዮን ዶላር ተሰበሰበ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የተገኘው 63 ሚሊዮን ነበር። የጎደለው 13 ሚሊዮን የመንገዱ ዋጋ ነው ማለት ይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን ሥራ የታጠበትና ገበያ የተዘጋበት ዓመት ስለነበር ስሌቱ እንዲህ ቀላል አይደለም። በ2024 ከ6,000 በላይ ብስክሌተኞች 75 ሚሊዮን ዶላር ሰጥተው ከ1980 ጀምሮ ያለውን ድምር ከአንድ ቢሊዮን አሳለፉት።

በካሊፎርኒያ በኩል የፓሎታ ኩባንያ ከወጣ በኋላ የሳን ፍራንሲስኮና የሎስ አንጀለስ ሁለት ድርጅቶች ጉዞውን «ኤድስ ላይፍሳይክል» ብለው ራሳቸው ይዘውት ነበር። ከ1994 ጀምሮ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገኝቷል። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ ግን ተመዝጋቢው እያነሰ፣ ወጪው እየናረ ሄደ። የመጨረሻዎቹ ብስክሌተኞች በሰኔ 2025 ከሳን ፍራንሲስኮ ተነሥተው 545 ማይሉን በሰባት ቀን ጨርሰው ሎስ አንጀለስ ገቡ።