ክፍት ጥያቄ በኦንላይን መጠይቅ

ክፍት ጥያቄ መላሹ ከቀረበለት ዝርዝር ከመምረጥ ይልቅ በራሱ ቃል የሚመልሰው የመጠይቅ ጥያቄ ነው። በኢትዮጵያ የኦንላይን መልኩ በብዛት የሚታየው የማስተርስ ተማሪዎች በቴሌግራም በሚያሰራጩት ጎግል ፎርም ላይ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ መጨረሻ ላይ «ሌላ አስተያየት ካለዎት» ተብሎ ይቀመጣል። ይህ የከፋ ቦታ ነው፤ መላሹ እዚያ ሲደርስ ሰልችቶታል።

የክፍት ጥያቄ ጥቅም አዘጋጁ ያላሰበውን ማምጣቱ ነው። አሜሪካውያኑ የመጠይቅ ተመራማሪዎች ሃዋርድ ሹማንና ስታንሊ ፕሬሰር በ1977 እ.ኤ.አ. ብርቱ ብርድ በነበረበት ወቅት «የአገሪቱ ዋና ችግር ምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ በክፍትም፣ መልሱ ከዝርዝር በሚመረጥበት በዝግ መልክም አቀረቡት። በክፍቱ ከአምስት ሰው አንዱ ያህል የምግብና የነዳጅ እጥረትን አነሳ። እጥረቱ ያልተካተተበት ዝርዝር የደረሳቸው ግን ከነጭራሹ አላነሱትም ማለት ይቻላል። በአፍሪካ አገሮች የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስበውና ኢትዮጵያን ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያካተተው አፍሮባሮሜትርም መንግሥት ሊፈታቸው የሚገቡ ችግሮችን ያለ ዝርዝር ይጠይቃል፤ እስከ ሦስት መልስ ይቀበላል። ይህን የሚያደርገው ግን መረጃ ሰብሳቢ ልኮ፣ ፊት ለፊት ነው።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው መርጡለ ማርያም የሚኖር ሰው «በቅድሚያ ሊፈታ የሚገባው ችግር ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ «መንገድ» ብሎ ጻፈ እንበል። የክረምቱን ጭቃ ነው? የትራንስፖርት ታሪፉን? ወይስ መንገዱ መዘጋቱን? መረጃ ሰብሳቢ ቢሆን «እስኪ ያብራሩልኝ» ይለው ነበር። ፎርሙ አይልም። ስለዚህ ጥያቄው ራሱ «ምን እንደገጠመዎት፣ መቼና በማን ላይ እንደሆነ ይግለጹልን» ብሎ መዘርዘር አለበት። የመልስ ሳጥኑን ማስፋትና መልሱ ለምን እንደሚያስፈልግ በአንድ መስመር መንገር ሰዎች ረዘም አድርገው እንዲጽፉ እንደሚገፋፋ በጥናት ታይቷል።

መልሶቹ ከተሰበሰቡ በኋላ ተነበው በየጉዳዩ ይመደባሉ፤ ይህ ኮድ መስጠት ይባላል። አማርኛ ላይ ሥራው ይበዛል። «ሐኪም»፣ «ሀኪም» እና «ሃኪም» ለኮምፒውተር ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፈውም ብዙ ነው። ስለዚህ ፊደላቱን አስቀድሞ ወደ አንድ ማምጣት፣ ከዚያም ሁለት ሰዎች ለየብቻ ኮድ እንዲሰጡና ልዩነታቸው እንዲታይ ማድረግ ያስፈልጋል።

ምስጢር መጠበቅም ከዝግ ጥያቄ ይልቅ እዚህ ይከብዳል። በትንሽ ከተማ «እኔ በምመራው ትምህርት ቤት» ብሎ የጻፈ ሰው ስሙን ባይጽፍም ታውቋል። ተመራማሪው እንዲህ ያሉ ሐረጎችን ሳያወጣ መልሱን እንዳለ ማሳተም የለበትም፤ ግጭት ባለበት አካባቢ ደግሞ ይህ የሰውን ደኅንነት የሚነካ ጉዳይ ነው።

ሊንኩ የማይደርሳቸው ሰዎችም አሉ። በአማራ ክልል ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። በዚያ ጊዜ በኦንላይን ብቻ የተበተነ መጠይቅ «የክልሉን ሕዝብ አስተያየት ሰበሰብኩ» ሊል አይችልም። የዓለም ባንክ በኮቪድ ወቅት፣ በ2020 እ.ኤ.አ.፣ በኢትዮጵያ ያካሄደው ዳሰሳ የተሠራው በስልክ ጥሪ ነበር። እርሱም ስልክ የሌላቸውን ቤተሰቦች ስለማያገኝ ውጤቱን በስሌት ማስተካከል አስፈልጎታል። ገጠርን ለሚያጠና ተመራማሪ የተሻለው መንገድ ክፍቱን ጥያቄ በቃል ጠይቆ፣ በመላሹ ፈቃድ ድምፁን ቀርጾ፣ በኋላ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ነው።