ትንሽ አገር ለገዢ ምን ትሸጣለች?

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር)

አንድ ነጋዴ ዕቃውን የሚያሠራበትን፥ ወይም አንድ ድርጅት ሥራውን በውል የሚሰጥበትን የውጭ አገር ሲፈልግ አስቀድሞ የሚጠይቀው፥ «የሠራተኛው ደመወዝ ስንት ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው እንጂ የመጨረሻው ሊሆን አይገባውም። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ያሉት ምክር ለዳኛ ብቻ ሳይሆን ለገበያተኛም ይሆናል። ስለዚህ ዛሬ በባልቲክ ባሕር ዳር ያለችውን ኤስቶኒያን ምሳሌ አድርገን፥ አንዲት ትንሽ አገር ለውጭ ገዢ በእውነት የምትሸጠው ምን እንደ ሆነ እንመርምር። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ኤስቶኒያ የመሬቷ ስፋት 45 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፥ የሕዝቧም ቍጥር 1.3 ሚሊዮን ገደማ ነው። ዋና ከተማዋ ታሊን ቀድሞ ሬቫል ትባል ነበር። ይህ ስም ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ የሩሲያው ባለቅኔ የፑሽኪን ቅድመ አያት፥ በልጅነቱ ከአፍሪቃ የተወሰደውና ብዙዎች የእኛው አካባቢ ተወላጅ ነው የሚሉት አብራም ሃኒባል፥ ከ1742 እስከ 1752 የሬቫል አዛዥ ነበረና። እርሱ ከመሾሙ ከብዙ ዘመን አስቀድሞ ግን ሬቫል ሐንዛ የተባለው የሰሜን ነጋዴዎች ማኅበር ከተማ ነበረች። በ1248 የጀርመኑን ከተማ የሉቤክን ሕግ ተቀበለች። ከምዕራብ የመጣ ጨውና ጨርቅ፥ ከምሥራቅ የመጣ ሰምና የአውሬ ቈዳ በእርሷ በኩል ያልፍ ነበር። ልብ አድርጉ፤ ጨውም ሆነ ሰሙ ከሌላ አገር የመጣ ነበር። ነጋዴውን ወደዚያ የሳበው ወደቡ፥ እንዲሁም በአገሩ የሚያውቀው ሕግ በዚያም ጸንቶ መገኘቱ ነው።

ይህችው አገር በ1918 ነጻነቷን አወጀች፤ በ1940 በሶቪየት ኅብረት ተያዘች፤ በ1991 ነጻነቷን መለሰች። በዚያ ጊዜ የሩብል ዋጋ በየቀኑ ይወድቅ ነበርና፥ በ1992 ከሶቪየት ሪፑብሊኮች ሁሉ ቀድማ ክሮን የተባለውን የራሷን ገንዘብ አወጣች፤ 8 ክሮንም በ1 የጀርመን ማርክ እንዲመነዘር ወሰነች። ውሳኔው ለሕዝቡ ቀላል አልነበረም። ለውጭ ገዢ ግን ትልቅ ነገር ነበር፤ ዛሬ የተዋዋለበት ዋጋ ለከርሞ ምን ያህል እንደሚያወጣ አስቀድሞ ሊያውቅ ቻለ።

ከዚህ በኋላ ትእዛዙ መምጣት ጀመረ። ፊንላንድ ባሕሩን ተሻግሮ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ትርቃለች፤ የሁለቱም ሕዝቦች ቋንቋ ዝምድና አለው፤ የኤስቶኒያ ሠራተኛ ደመወዝ ደግሞ ከጎረቤቱ እጅግ ያነሰ ነበር። ኤልኮቴክ የተባለው የፊንላንድ ኩባንያ በታሊን ፋብሪካ አቋቁሞ የስልክ መሣሪያ ያስገጣጥም ጀመር። ይህን ፋብሪካ በ2009 የስዊድኑ ኤሪክሰን ወሰደው።

ነገር ግን ርካሽነት ዕድሜው አጭር የሆነ ሸቀጥ ነው። አገሪቱ በ2004 የአውሮጳ ኅብረት አባል ሆነች፤ በ2011 ክሮንን ትታ ዩሮን ተቀበለች፤ ደመወዙም አብሮ አደገ። በ2022 ብቻ የዕቃ ዋጋ በአማካይ ከ19 በመቶ በላይ ጨመረ። ለርካሽ እጅ ብቻ ብሎ የመጣ ገዢ እንግዲህ ምን ይዞ ይቀራል?

የቀረው አእምሮና ሥርዓት ነው። በታሊን የሳይበርኔቲክስ ኢንስቲትዩት የተቋቋመው በ1960 ነበር። በ1996 ደግሞ በፕሬዚዳንት ሌናርት ሜሪ ዘመን፥ ትምህርት ቤቶችን ሁሉ ኮምፒዩተርና ኢንተርኔት ለማስታጠቅ «የነብር ዝላይ» የተባለው ሥራ ታቀደ። በ2003 ስካይፕ ሲወጣ መሥራቾቹ አንድ ስዊድናዊና አንድ ዴንማርካዊ ነበሩ፤ ፕሮግራሙን የሠሩት ግን የኤስቶኒያ ልጆች ናቸው። በ2005 የአሜሪካው ኢቤይ በ2.6 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ስካይፕ በ2025 ቢዘጋም፥ በእርሱ የሠለጠኑት ሰዎች ሌሎች ኩባንያዎችን አቁመዋል።

እናንተ በመሥሪያ ቤት የምትውሉ አንባቢዎች ደግሞ ይህን በተለይ አስተውሉ። ከ2001 ጀምሮ የኤስቶኒያ መሥሪያ ቤቶች መዝገባቸውን በየራሳቸው እየጠበቁ፥ ኤክስ ሮድ በተባለ የተጠበቀ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ይጠያየቃሉ። አንዱ ቢሮ የያዘውን ማስረጃ ሌላው ቢሮ ከባለጉዳዩ እንደ ገና እንዳይጠይቅ ደንብ ሆኗል። ከ2002 ጀምሮ በመታወቂያ ካርድ የሚደረግ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ በእጅ ከተጻፈው እኩል ይጸናል። ዜጋውም ፋይሉን የትኛው መሥሪያ ቤት እንደ ተመለከተው ራሱ ሊያይ ይችላል። ውሉን በቶሎ ማጽደቅ፥ ኩባንያውን በቶሎ ማስመዝገብ የሚፈልግ ገዢ ይህን ሁሉ ከሸቀጡ ጋር አብሮ ይገዛል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ የአገር ጠባይ የሚታወቀው በክፉ ቀን ነው። በ2007 የመንግሥቱ ገጾች፥ ባንኮቹና ጋዜጦቹ በኢንተርኔት ብርቱ ጥቃት ደረሰባቸው፤ አገሪቱ ግን ሥርዓቷን ጠግና ይበልጥ አጠነከረችው። በ2017 የውጭ ተመራማሪዎች በ750 ሺህ ያህል መታወቂያ ካርዶች ላይ የደኅንነት ጉድለት አገኙ። መንግሥቱ ጉድለቱን ሳይሸሽግ ለሕዝብ ገለጠ፤ ያልታደሱትንም ካርዶች በኤሌክትሮኒክ እንዳይሠራባቸው አገደ።

በሌላ በኩል ግን በታሊን የነበረው የዴንማርኩ ዳንስከ ባንክ ቅርንጫፍ ከ2007 እስከ 2015 ድረስ 200 ቢሊዮን ዩሮ ያህል የውጭ ደንበኞች ገንዘብ አሳለፈ፤ ከዚያም ብዙው አጠራጣሪ ሆኖ ተገኘ። አንድ የባንኩ ሠራተኛ በ2013 ለአለቆቹ ጽፎ ነበር፤ ሰሚ ግን በጊዜው አላገኘም። ነገሩ በ2018 በይፋ ወጣ፤ ባንኩም በ2022 በአሜሪካ ፍርድ ቤት ጥፋቱን አምኖ ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። እንግዲህ መልካም መዝገብ ያላት አገር እንኳ፥ መዝገቡን የሚያነብና ያነበበውን የሚሰማ ሰው ሲጠፋ፥ በአንድ ቢሮ በኩል ስሟ ሊጐድፍ ይችላል።

ታዲያ ፍርዳችን ምንድን ነው? ሺህ በሺህ እጅ የሚፈልግ ሥራ ወደ ኤስቶኒያ አይሰጥም፤ ሰው የለምና። ዋጋውን ብቻ የሚመለከትም ገዢ ከሌላ ቦታ ያነሰ ያገኛል። በጥቂት ሰው፥ በብዙ ጥንቃቄ የሚሠራ፥ ምስጢሩ የሚጠበቅ፥ ውሉም በሕግ የሚጸና ሥራ ያለው ግን ኤስቶኒያን ቢመርጥ አይሳሳትም። ምሥራቃዊ ጎረቤቷ ሩሲያ መሆኗንም በሂሳቡ ማግባት አለበት።

ክቡራን አንባቢዎች፤ ወደብ ያላት አገር በወደቧ፥ ማዕድን ያላት በማዕድኗ ትጠቀም ይሆናል። ትንሽ አገር ግን ከሁሉ በላይ የምትሸጠው መታመኗን ነው። ይህም ሸቀጥ በፋብሪካ አይሠራም። የሚሠራው በየቢሮው ጠረጴዛ ላይ፥ መዝገቡን በትክክል በሚጽፍ፥ ጉድለቱን በማይሸሽግና የበታቹን ማስጠንቀቂያ ሳያነብ በማያልፍ ሰው እጅ ነው። የውጭው ገዢ ያን ሰው በስም አያውቀውም፤ ቢሆንም ውሉን ሲፈርም የሚተማመነው በእርሱ ነው።