ሥርዐተ ጓዳ

ዛሬ አሳጥረን «ማድ ቤት» የምንለው ስም ምሉዕ አነጋገሩ ማዕድ ቤት መሆኑን፣ ማዕድም በግእዝ ገበታ ማለት እንደ ሆነ ያስተዋለ ሰው፣ አበውና እመው ይህን ጢስ ያጠቈረውን ጎጆ በምን ያህል ክብር ይመለከቱት እንደ ነበር ለመረዳት ረዥም ሐተታ አያስፈልገውም። ነገር ግን የነገሥታቱን ዘመቻና የመኳንንቱን ሹመት የሚተርክ መጽሐፍ ሞልቶ ሳለ፣ ለዘማቹ ስንቁን ያሰናዳችው እመቤት ጓዳዋን በምን ሥርዐት ትመራ እንደ ነበር የሚናገር ጥቂት ነው፤ ይህም ለእኔ ቀላል ጉድለት ሆኖ አይታየኝም።

በቀድሞው የሣር ቤት በብዙ ሥፍራ ጓዳውን ከዋናው ክፍል የሚለየው ከጭቃ፣ ከጭድና ከእበት የተሠራው ጎታ ነበር፤ የእህሉ ማከማቻ ግድግዳም ሆኖ ያገለግል ነበር ማለት ነው። ውሃ የተሞላው እንስራ ከጥላው ሥፍራ፣ ወፍጮው ከነመጁ ከፍ ብሎ በተሠራው መደብ ላይ፣ ሰፌዱና ወንፊቱ እርጥበትና አይጥ እንዳይደርስባቸው ከግድግዳው ችካል ላይ፣ ማሰሻውና አክንባሎው ከምጣዱ አጠገብ ሆነው እያንዳንዱ ቦታ ቦታውን ይዞ ስለሚኖር፣ እመቤቲቱ በጨለማ እጇን ብትዘረጋ የፈለገችውን አታጣም ነበር። ጠላ የሚጠነሰስበት ጋን በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ከታጠበ በኋላ በወይራ ጢስ ካልታጠነ በቀር እንደ ንጹሕ ዕቃ አይቈጠርም።

ይሁን እንጂ የዕቃው አቀማመጥ ከውጭ የሚታየው መልክ ብቻ ነው፤ የባልትና ሥር ወራትን ማወቅ ነበር። ክረምት ገብቶ ወንዙ ሳይሞላ፣ እንጨቱም ሳይረጥብ በፊት፣ ኩበቱ ደርቆ ከዝናብ በተጠለለ ሥፍራ ካልተከመረ፣ በርበሬው ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዝንጅብሉ፣ ከበሶብላውና ከኮረሪማው ጋር ተደልዞ፣ በፀሐይ ደርቆና ተፈጭቶ ካልተቀመጠ፣ ሽሮውም ተቈልቶና ተከክቶ ካልተሰናዳ፣ ያ ቤት በሐምሌ ጎረቤት ደጅ መቆሙ አይቀርም። ከዓመቱ ሥርዐት በታች ደግሞ የሳምንቱ ሥርዐት ነበረ፤ ጤፉ በቡሀቃ ከእርሾ ጋር ተቦክቶ ሁለትና ሦስት ቀን ስለሚቆይ፣ በመጋገሪያውም ቀን አብሲት ተጥሎለት ኩፍ እስኪል ስለሚጠበቅ፣ ዛሬ የሚበላው እንጀራ ከጥቂት ቀናት በፊት የታሰበ መሆን ነበረበት፤ እንግዳውም ሳይነገር ስለሚመጣ፣ ብልኋ እመቤት የቤተ ሰቡን ብቻ ሳይሆን የማታውቀውንም ሰው ድርሻ ጨምራ ታቦካ ነበር።

በዚህ ሁሉ ላይ ቤተ ክርስቲያን የራሷን አቆጣጠር ጨመረች። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ጾመ ነቢያትና ጾመ ሐዋርያት፣ ፍልሰታና ነነዌ፣ በየሳምንቱም ረቡዕና ዓርብ አሉ፤ ሸክላ ቅቤና ስብ የሚመጥጥ ስለ ሆነ፣ ጠንቃቃዋ እመቤት የጾሙን ድስት ከፍስኩ ድስት ለይታ ታስቀምጥ ነበር። ለትንሣኤ የታሰበው ቅቤም ጾሙ እስኪፈታ ድረስ ሳይበላሽ መቆየት ስላለበት፣ ከኮሰረትና ከኮረሪማ ጋር ተነጥሮ በማሰሮ ይከደናል። እንዲህ ባለው ቤት የቀን መቍጠሪያው ከግድግዳ አልተሰቀለም፤ በድስቶቹ ተራ ይነበብ ነበር።

የቤተ መንግሥቱም ግብር በመሠረቱ ይኸው ጓዳ በብዙ እጥፍ የተባዛ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ግቢ እንጀራ ቤት፣ ወጥ ቤት፣ ጠጅ ቤትና ጠላ ቤት እየተባለ ሥራው በየቤቱ ተከፍሎ፣ ለየሥራው ኃላፊ ቆሞ፣ ጠጅ አሳላፊውም እንጀራ አሳላፊውም ድርሻውን ለይቶ ያውቅ ነበር። የግቢው ሥራና የአስተዳደሩ ደንብ እንዳይጠፋ ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ባሳተሙት «ዝክረ ነገር» ብዙውን ጽፈው አቆይተውልናል፤ ለዚህም ድካማቸው ምስጋና ይገባቸዋል። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ በ1880 ዓ.ም. የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ስትመረቅ፣ ኋላ እቴጌ የተባሉት ጣይቱ ብጡል ያሰናዱት ድግስ በታላቅነቱ ሲነገር ይኖራል። ይህን ሁሉ ስናደንቅ ግን ሌሊቱን ሙሉ በወፍጮ ላይ ጐንበስ ብለው ያደሩትን ፈጪዎች፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ በባርነትና በገባርነት የመጡ እንደ ነበሩ መርሳት አይገባንም፤ የአዳራሹ ክብር በወገባቸው ላይ የቆመ ነበርና።

ያ ድግስ ገና ከመታሰቢያ ሳይርቅ ክፉ ቀን መጣ። ከምፅዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውንና ላሙን ፈጀ፤ የሚያርስ ጥማድ በመጥፋቱም እርሻው ጠፍ ሆነ፤ አንበጣና ድርቅም ተጨመሩበት። ጎታው ባዶ ሆኖ የቀረበት ጓዳ በዚያ ዘመን ስንት እንደ ሆነ የሚቈጥር አልነበረም፤ ለዘር የተቀመጠችው እህል ስትበላ ደግሞ የሚመጣው ዓመት አስቀድሞ ተበላ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ቁጠባ የምትናገር አሮጊት በቀላሉ ዝም አትልም ነበር።

የባቡሩ ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ የጓዳው ዕቃ መልኩን መለወጥ ጀመረ። የላምባው ቆርቆሮ ላምባው ካለቀ በኋላ ታጥቦ ውሃ መቅጃም፣ በርበሬ ማስቀመጫም ሆነ፤ ከብዙ ሸክላ ይልቅ ይቀላል፤ ቢወድቅም አይሰበርም። ከጣሊያንኛ ስሙን ይዞ የመጣው ፋርኔሎ ከሦስቱ ጉልቻ ጎን ተቀመጠ፤ የሞተር ወፍጮው ሲተከልም ሴቶቻችን ከመጁ ተላቀቁ፤ ይህ አንዱ ለውጥ ብቻ ከብዙ ዐዋጅ የበለጠ በረከት ነው ብዬ አምናለሁ።

ዛሬ በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ ለጎታም ለጋንም ሥፍራ የለም፤ ስለዚህም በየግቢው ለእርድና ለድግስ የሚሆን የጋራ ቤት ለብቻው ተሠርቷል። በበጋ ወራት በዚያ ግቢ ያለፈ ሰው ቀዩን በርበሬ በሸራ ላይ ተሰጥቶ፣ እናቶችም ደመናውን ቀና እያሉ ሲያዩ ያገኛቸዋል።