የቅዳሜው ትምህርትና በሩ፦ የባለ ተሰጥኦ ልጆች ማበልጸጊያ ታሪክ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል

በሚኒሶታ ግዛት በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር የተቆረቆሩትና በአንድነት «መንትያ ከተሞች» የሚባሉት ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል፣ በአሜሪካ የባለ ተሰጥኦ ልጆች ትምህርት ታሪክ ውስጥ የሚታወቁት የችሎታ መመዘኛዎችን በመንደፍ ብቻ ሳይሆን እነዚሁ መመዘኛዎች ያጠበቡትን በር ለማስፋት በመጣርም ጭምር ነው። ማበልጸጊያ ትምህርት የሚባለው ከመደበኛው ትምህርት ፈጥነው ወይም ጠልቀው መሄድ ለሚችሉ ልጆች ከክፍል ሰዓት ውጭ፣ ብዙውን ጊዜ ቅዳሜ ወይም ትምህርት ቤቶች በሚዘጉባቸው ወራት የሚሰጠው ተጨማሪ ትምህርት ሲሆን፣ አካታች የሚሰኘው ደግሞ የቤተሰብ ገቢ፣ ዘር፣ ጾታ፣ የአካል ጉዳት ወይም በቤት የሚነገር ቋንቋ ለልጁ እንቅፋት በማይሆንበት ጊዜ ነው። የሁለቱ ከተሞች ታሪክ የሚያስረዳው ማካተት በመመዘኛው ጥራት ብቻ እንደማይረጋገጥ፣ ልጁ በሚጠራበት መንገድና ቤተሰቡ በሚሸከመው ወጪም እንደሚወሰን ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ከሥነ ልቦና ተመራማሪው ከሉዊስ ተርማን ጋር ባለ ተሰጥኦ ልጆችን ያጠኑት የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ፍሎረንስ ጉድኢናፍ በ1925 ወደ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ መጡ፤ በዚያው ዓመትም ዩኒቨርሲቲው የሕፃናትን እድገት የሚያጠና ተቋም አቋቁሞ ነበር። ጉድኢናፍ በ1926 ያሳተሙት መመዘኛ ልጁ የሰው ሥዕል እንዲሥል ጠይቆ፣ በሥዕሉ የተካተቱትን ዝርዝሮች በ51 ነጥቦች የሚመዝን ስለነበረ፣ የንግግርን ችሎታ ሳይጠይቅ የልጁን አስተሳሰብ ይለካል የሚል ተስፋ ተጥሎበት ነበር። ሆኖም በ1950 ራሳቸው ጉድኢናፍ ከባልደረባቸው ከዴል ሃሪስ ጋር በጻፉት ጽሑፍ ከባህል ተጽዕኖ ፈጽሞ ነጻ የሆነ መመዘኛ መፈለግ ከንቱ ድካም መሆኑን ተናገሩ፤ ይህም ልጆችን በአንድ ፈተና ብቻ የመምረጥን ልማድ ከሥሩ የሚያናጋ መደምደሚያ ነበር።

ከ1958 እስከ 1966 በዚሁ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ምርምር ቢሮን የመሩት ፖል ቶራንስ ጥያቄውን በሌላ አቅጣጫ አነሡት። በማሰብ ችሎታ ፈተና ከፍተኛ ውጤት ያላገኙ ልጆች ብዙና ያልተለመዱ ሐሳቦችን ሊያፈልቁ እንደሚችሉ በማየታቸው፣ የሐሳብን ብዛት፣ ልዩነትና አዲስነት የሚለካ የፈጠራ አስተሳሰብ መመዘኛ አዘጋጁ፤ የሚኒያፖሊስ አንደኛ ደረጃ ተማሪዎችንም ለዓመታት የሚከታተል ጥናት ጀመሩ። ቶራንስ በኋላ በድህነት ያደጉ ልጆች ያላቸው የፈጠራ ብርታት በተለመደው ፈተና ሳይታይ እንደሚቀር አጥብቀው ተከራክረዋል።

መመዘኛው ሲሰፋ ትምህርቱም የራሱን ጊዜና ቦታ መሻቱ አልቀረም። በ1967 በሴንት ፖል በማካሌስተር ኮሌጅ የባለ ተሰጥኦ ወጣቶች ተቋም ተመሠረተ፤ በ1972 ደግሞ በባልቲሞር ከተማ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቅዳሜ ጠዋት የሚካሄድ ፈጣን የሒሳብ ክፍል ከፍተው፣ በመደበኛው ክፍል ዓመታት የሚፈጀውን ትምህርት እጅግ ባጠረ ጊዜ ማጠናቀቅ እንደሚቻል አሳዩ። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በ1980 የጀመረውና ለረጅም ጊዜ በፕሮፌሰር ሃርቪ ኬይንስ የተመራው የሒሳብ ፕሮግራም የዚህ አስተሳሰብ ወራሽ ሲሆን፣ ተማሪዎች በሳምንት አንድ ጊዜ ከትምህርት ሰዓት ውጭ እየተገናኙ የሁለተኛ ደረጃን ሒሳብ በሁለት ዓመት ጨርሰው ወደ ካልኩለስ እንዲሻገሩ ያደርጋል። መግቢያው በፈተና ሲሆን ሴት ተማሪዎች በቁጥር አንሰው ስለታዩ፣ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መቀመጫው ሴንት ፖል በሆነው በቡሽ ፋውንዴሽን ድጋፍ ልጃገረዶችን ፈልጎ የመጋበዝና ከገቡም በኋላ እንዲጸኑ የማበረታታት ሥራ ተጀመረ። ፈተናውን ክፍት አድርጎ የሚመጣውን መጠበቅና ያልመጣውን ሄዶ መጥራት የተለያዩ ተግባራት መሆናቸው በዚህ ታወቀ።

በዚሁ ዘመን ልጆቻቸው በመደበኛው ትምህርት ቤት ተገቢውን ትምህርት አላገኙም ያሉ ማኅበረሰቦች የራሳቸውን መንገድ ይዘው ነበር። በ1972 የአገሬው ተወላጅ ወላጆችና የአሜሪካ ሕንዳውያን ንቅናቄ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል አንዳንድ ትምህርት ቤት ከፍተው ቋንቋቸውንና ባህላቸውን የትምህርቱ ማዕከል አደረጉ፤ በዚያው ዓመት የፌዴራል ፍርድ ቤት የሚኒያፖሊስ ትምህርት ቤቶች በዘር የተከፋፈሉ መሆናቸውን ወስኖ ክፍፍሉ እንዲቀር አዘዘ።

የግዛቱ ሕግ ዘግይቶ ተከተለ። በ1985 የወጣው ሕግ የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ተማሪዎች በመንግሥት ወጪ በኮሌጅ እንዲማሩ ፈቀደ፤ በ2005 ደግሞ የሕግ አውጪው ምክር ቤት ለባለ ተሰጥኦ ትምህርት በተማሪ ቁጥር የሚሰላ ገንዘብ መደበ። የግዛቱ ሕግ መምረጫው ከአንድ በላይ መስፈርት እንዲኖረውና ድሆችን፣ አናሳ ቡድኖችን፣ ተሰጥኦና የአካል ወይም የትምህርት ችግር አጣምረው የያዙትን እንዲሁም እንግሊዝኛን በመማር ላይ ያሉ ልጆችን እንዲያገናዝብ ቢያሳስብም፣ ልጆቹን የመለየቱን ሥራ ግን ለትምህርት ወረዳዎች ፈቃድ ትቶታል። በፍሎሪዳ አንድ ትልቅ ወረዳ በ2005 ሁሉንም የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች መፈተን ሲጀምር ቀድሞ በመምህርና በወላጅ ጥቆማ ያልተገኙ ብዙ የድሃና የስደተኛ ቤተሰብ ልጆች መገኘታቸው፣ ፈቃዱ ብቻውን እንደማይበቃ ያስረዳል።

በሁለቱ ከተሞች ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ሌሎች ስደተኛ ቤተሰቦች የቅዳሜና የእሑድ ሰዓት ብዙውን ጊዜ በሥራ ፈረቃ፣ በአምልኮና በሰንበት ትምህርት ቤት ተይዞ የሚውል በመሆኑ፣ ክፍያው፣ መጓጓዣውና የምዝገባው ወረቀት የሚጻፍበት ቋንቋ የመግቢያ ፈተናውን ያህል ክብደት አላቸው። ስለዚህ የመንትያዎቹ ከተሞች ከ1925 ወዲህ ያለው ልምድ የሚሰጠው ፍርድ ግልጽ ነው፤ አዲስ መመዘኛ መንደፍ በየዘመኑ የተሳካ ቢሆንም፣ ልጁን ከነቤተሰቡ ሁኔታ ተቀብሎ እስከ ክፍሉ የሚያደርስ አደረጃጀት ከሌለ መመዘኛው ያገኘው ተሰጥኦ ሁሉ በስም ዝርዝር ላይ ይቀራል።